የአያ መልኬ ሁለት እግር

«በኮምፒዩተር ነው የሠራኸው» አላችሁ አይደል? እሺ! ኮምፒዩተር በየት በኩል እንደሚበራ የማላውቅ ሰውዬ፣ አራተኛ ክፍልን ደጋግሜ ደጋግሜ በመጨረሻ በመስኮት የወጣሁ ሰውዬ፣ ለአያ መልኬ በኮምፒዩተር እግር ቀጠልኩላቸው! እንዲህ ያለ እጅ ቢኖረኝማ ገንዳ ውሃ ከተማ ቁጭ ብዬ ጉርድ ፎቶ አነሳ ነበር? ሆስፒታል ይሻማብኝ ነበር እንጂ።

ስሙኝ። ፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ ያለው ትልቁ ፎቶ፣ ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ወደ ላይ የተስፈነጠሩበት፣ ሁለቱም እግራቸው ከመሬት የተነሳበት፣ እውነት ነው። ምንም አልተጨመረበትም፣ ምንም አልተቀነሰበትም። እናንተ አሁን አያ መልኬን በአንድ እግርና በክራንች ስታይዋቸው «ይሄ ልጅ ቀጣፊ ነው» ትላላችሁ። ትላንት እንኳ አንዱ የሰሊጥ ነጋዴ ጉርድ ሊነሳ ገብቶ ፎቶውን አየና «አሪፍ ፎቶሾፕ ነው፣ በርታ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አረገኝ። በርታ! ሳላነሳው አስወጣሁት። ይሂድና ፎቶሾፕ ያንሳው!

ተናድጃለሁ፣ አዎ። ስለዚህ ከሥሩ ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ የሚያወራ ካለ እንተያያለን።

ያኔ እኔ የገንዳ ውሃ አንደኛ ዲጂታል ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ሁለተኛ አልነበረማ። ሌሎቹ ገና በፊልም ነበር የሚያነሱት። የኔን ካሜራ ከማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት ያመጣልኝ ጓደኛዬ ከድር ነው። ከድር ባጃጅ ይነዳል፣ የሱዳን ዓረብኛ ደግሞ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። ካሜራው ሲከፈት ግን ውስጡ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ዓረብኛ ሆኖ ተገኘ።

«በል አንብብልኝ» አልኩት።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ እኔ የምናገረው ነው እንጂ የማነበው መቼ ተማርኩ!» አለኝ።

እኔ ደግሞ አማርኛውንም በመከራ ነው። ሁለታችንም ካሜራውን ዝም ብለን አየነው፣ እሱም ዝም ብሎ አየን።

አናቱ ላይ የሚዞር ቁልፍ አለው። ዙሪያውን ትንንሽ ሥዕሎች አሉበት። አበባ አለ፣ ተራራ አለ፣ የሚሮጥ ሰውዬ አለ፣ ጨረቃና ኮከብ አለ። በእጄ ሲገባ ጨረቃና ኮከቡ ላይ ነበር። እኔ ምን አልኩ? ከማዶ የመጣ ዕቃ ነው፣ ጨረቃና ኮከብ የማዶ ምልክት ነው፣ እንግዲህ የካሜራው ማህተም ይሄ ነው ብዬ እዚያው ተውኩት። የሚሮጠውንማ «ኬላ ያየ ኮንትሮባንዲስት» ብለነው ከከድር ጋር ስንስቅ ከረምን። አትሳቁ! ድንበር ላይ ተወልዶ ጨረቃና ኮከብ ሲያይ ሌላ ነገር የሚያስብ ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ደግሞ ችግር አልነበረውም። ፎቶ ቤት ውስጥ ካሜራው ማቆሚያው ላይ ነው፣ ሰውዬው ወንበሩ ላይ ነው፣ ትንፋሽ ያዝ ስለው ይይዛል። ካሜራው አይነቃነቅም፣ ሰውዬውም አይነቃነቅም። ሊቅ ነበርኩ በቃ።

እስከ ሽንፋው ሰርግ ድረስ።

ጥር ላይ ነው፣ ሽንፋ የምትባለው የበረሃ መንደር። አያ መልኬ ልጃቸውን እናኑን ለገንዳ ውሃ ልጅ ሊድሩ ነው። የቀጠረኝ የሙሽራዋ ወንድም ጌታሁን ነው፤ ትራክተር ይነዳል፣ አንገቱም ትራክተር ያክላል። ከድር በባጃጅ አድርሶኝ እሱም እዚያው ቀረ፣ ሰርግ አይደል!

ገና ሳልረጋጋ ሙሽራዋ አስጠራችኝ። ሚዜዎቿ ከበዋት ቁጭ ብላለች፣ ኩሏ ግን ረጥቧል።

«አንተ ባለካሜራ፣ ቃል ግባልኝ» አለች።

«ምን ሆነሽ እህቴ? ቆንጆ አርጌ ነው የማነሳሽ፣ ባልሽ እንኳ እስኪጠራጠር።»

አልሳቀችም። «እኔን ተወኝ። አባቴን ነው። ዛሬ ይፎክራል። ከነገ ወዲያ ጎንደር ሆስፒታል ይሄዳል፤ እግሩን ይቆርጡታል። ልጅ ሆኜ ሲፎክር አይቼ ነው አባቴ ሰማይ የሚነካ የሚመስለኝ። ሌላ ጊዜ በሁለት እግሩ አይዘልም። አንድ ፎቶ፣ አንድ ብቻ አንሳልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ መልኬን ድሮ ሰሊጥ ሲያጭዱ እሾህ ወግቷቸው፣ ያ እግር እያበጠ እያበጠ በየጎኑ ቀዳዳ አወጣ። አያማቸውም፣ ግን ውስጥ ውስጡን ይበላል። ሐኪሙ ወደ ላይ ሳይወጣ ይቆረጥ ብሏል። እሳቸው «ልጄን በሁለት እግሬ ቆሜ ሳልድር ከዚህ ንቅንቅ የለም» ብለው ነው እስከዚያ ቀን የቆዩት። ላበጠው እግር የሚሆን ጫማ ስለሌለ ሸራ ጫማ ገዝተው ጎኑን በቢላ ሰንጥቀውታል። ይቺን ቅዳድ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

«እህቴ» አልኳት ደረቴን ነፍቼ፣ «አባትሽን ሰማይ ላይ ሰቅዬልሽ ነው የምሄደው።»

ምላሴ ይቆረጥ ልል ነበር፤ ግን ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ ለምን ይቆረጣል!

ዳሱ በማሽላ አገዳ የተሸፈነ ነው፣ ውስጡ ጨለም ይላል። አያ መልኬ እዚያ ውስጥ ነው የተነሱት። «ዘራፍ!» ሲሉ ዳሱ ተንቀጠቀጠ። ዘለሉ፣ ወዲህ ተወረወሩ፣ ወዲያ ተመለሱ። እኔም ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፣ ተጫንኩ። ካሜራዬ ግን ቀስ ብሎ «ቀ…ጭ» ይላል፣ የተኛ ሰው ዓይኑን የሚገልጥ ነው የሚመስለው። ውጭ ስንወጣ ደግሞ የእኩለ ቀን የሽንፋ ፀሐይ፣ ታውቋታላችሁ፣ ሰማዩም መሬቱም ነጭ ነው። ከካሜራዬ ጀርባ ያለው፣ ፎቶው የሚታይበት መስታወት ጨለመብኝ። እኔም ጎበዙ የመደመር ምልክቷን አግኝቼ መስታወቱ እስኪታየኝ ድረስ ወደ ላይ ገፋኋት። አሁን አማረ ብዬ ሙሽራዋን ከነአጃቢዋ ጠራርጌ አነሳሁ።

በነጋታው ጌታሁን አባቱን ይዞ ገንዳ ውሃ መጣ፣ ማግስቱን ማለዳ በጎንደር አውቶብስ ሊሄዱ። አባትየውን ዘመድ ቤት አስቀምጦ ወደኔ ፎቶ ቤት ገባ። ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁና «እንግዲህ ተመልከት» አልኩት።

መጀመሪያ የመጣው የሙሽራዋ ነው። ነጭ። ቀሚስ የለ፣ ፊት የለ፣ አንድ የዱቄት ኬሻ የፈነዳ ነው የሚመስለው። ቀጥሎም ነጭ። ከዚያ ዳሱ መጣ። ሌሎቹ ቁጭ ያሉት በደንብ ይታያሉ፣ መሐል ላይ ግን ረጅም ግራጫ ነገር ተጎትቷል።

ጌታሁን ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«አባትህ ናቸው።»

«አባቴ?»

«ሲዘሉ።»

«ይሄ አባቴ ነው ወይስ ጭስ?» ዞር ሲል ዓይኑ ደም ለብሷል። «እህቴ ስታለቅስ ያደረችው ለዚህ ጭስ ነው? አንተ ውሻ! አንተ የማዶ ቆርቆሮ ይዘህ ፎቶ አንሺ ነኝ ትላለህ?» ኮሌታዬን ይዞ አነሳኝ። እግሬ ከመሬት ተነሳ፤ ያንን ቢያነሱት ጥሩ ፎቶ ይወጣው ነበር።

«ነገ አባቴ በዚህ መንገድ ይሄዳል» አለኝ። «እናኑን ምን እንደምትላት አንተ ታውቃለህ። እኔ አልነግራትም። አንተ አፍህን ከፍተህ ትነግራታለህ!» ወርውሮኝ ወጣ።

እኔ ሰው ሲሰድበኝ አላለቅስም፣ እናደዳለሁ። በማን? በጌታሁን። በፀሐይዋ። በዚያ ዓረብኛ። ካሜራውን ግድግዳው ላይ ልፈጠፍጠው እጄን ሰነዘርኩና ቁልፉ ላይ ያቺ ጨረቃ ታየችኝ። ትክ ብዬ አየኋት። በጠራራ ፀሐይ ጨረቃ! ለምን ጨረቃ? አበባው አበባ ከሆነ፣ ተራራው ተራራ ከሆነ፣ ጨረቃዋ ለምን ማህተም ትሆናለች?

«ከድር!» ብዬ ጮህኩ። ከድር ባጃጁን አቁሞ ገባ። «ውሃ በሳፋ ይዘህ ጓሮ ና።»

«ልትታጠብ ነው? አልሃምዱሊላህ!»

«ወደ ላይ በትነው።»

ጨረቃው ላይ አርጌ አነሳሁ። ውሃው የተዘረጋ ነጠላ መሰለ፣ ጭስ። ቁልፉን ወደዚያ ኮንትሮባንዲስት አዞርኩት። «ድገም!» በተነው። ካሜራው አሁን «ቀጭ!» አለ፣ እንደ ጥፊ። ስናየው እያንዳንዷ ጠብታ እንደ ሰሊጥ ፍሬ አየር ላይ ቆማለች።

ከድር አፉን ከፈተ። «ሹፍ! እይ! ውሃውን ቀጥ አረግከው እኮ!»

ገባኝ። ጨረቃዋ ለጨለማ ናት፤ ካሜራው ዓይኑን ገልጦ ይቆያል፣ ብርሃን እስኪጠጣ። እሱ ዓይኑን ገልጦ ሳለ የሚንቀሳቀስ ሰው ከቦታ ቦታ ይሄዳል፣ የሄደበትን ሁሉ ይቀባዋል፣ ያ ነው ጭሱ። የእኔም እጅ ከተንቀጠቀጠ ሁሉም ይንቀጠቀጣል። የሚሮጠው ሰውዬ ግን ዓይኑን ገልጦ ወዲያው ይከድናል፣ ሰውዬው ሳይንቀሳቀስ ይይዘዋል። ግን ቶሎ ስለሚከድን ብርሃን ይፈልጋል፣ ዳስ ውስጥ አይሆንም፣ ውጭ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ሳፋ ነው ያስተማረኝ።

ነጩስ? ጋቢ ራሴ ላይ ተከናንቤ፣ በጋቢው ጥላ ውስጥ መስታወቱን አየሁ። አሃ! መስታወቱ አልጨለመም ነበር፤ ፀሐይዋ ናት የበለጠችው። እኔ ፎቶውን ሳይሆን ዓይኔን ለማስደሰት ነው ብርሃን ስደምር የዋልኩት። የመደመሯን ወደ መቀነስ መለስኳት። የከድር ነጭ ጀላቢያ ላይ እጥፋቱ ሳይቀር ወጣ። ከድር ሳፋውን ስንት ጊዜ እንደሞላ አትጠይቁኝ፣ ሠፈሩ ግን አብደዋል ብሎ አጥር ላይ ተሰልፎ ነበር።

ቀረ አንድ ነገር። አያ መልኬ እንደገና መፎከር አለባቸው።

እየሮጥኩ ያረፉበት ቤት ሄድኩ። እግራቸውን ዱካ ላይ ዘርግተው ቁጭ ብለዋል። ጉልበታቸውን ሳምኩና «አያ፣ የትናንቱ ፎቶ ተበላሸብኝ። አንዴ ብቻ ይፎክሩልኝ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ፉከራ እንደ ሻይ ይታዘዛል?»

«አንዴ ብቻ አያ። ለእናኑ።»

«ለእናኑ ፎክሬያለሁ። ደም ሳይፈላ የወጣ ፉከራ ጩኸት ነው። ሰው ፊት ቆሜ ልቀልድ?» እግራቸውን አዩት። «አሁን ምን ደም አለና ይፈላል። በል ሂድ።»

ወጣሁ። የዚያን ሽማግሌ አንገት መድፋት ሳይ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ። ሰርጉ ላይ ዳስ ያንቀጠቀጡ ሰውዬ ሳይቆረጡ በፊት ተቆርጠዋል።

ማለዳ መናኸሪያ ሄድኩ። የጎንደሩ አውቶብስ ሞልቷል፣ ረዳቱ ጣራው ላይ ኬሻ ያስራል፣ ከደጋ የመጡ የቀን ሠራተኞች በየጥጉ ናቸው። ፀሐይዋ ገና ከጀርባዬ ብቅ ብላለች፤ ሆነ ብዬ ነው በዚያ በኩል የቆምኩት፣ ብርሃኑ አያ መልኬ ፊት ላይ እንዲያርፍ። ቁልፉ ሯጩ ላይ ነው። ብርሃኑ ትንሽ ተቀንሷል፣ ነጭ በነጭ ለብሰዋልና። ከድር ባጃጁን አስነስቶ ይጠብቃል፤ ለምን እንደሆነ ከጠየቃችሁ፣ ለማምለጥ ነው።

አያ መልኬ ጌታሁን ትከሻ ላይ ተደግፈው መጡ። እናኑም ከጫጉላ ቤት ወጥታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ባሏን አስከትላ መጣች። ጌታሁን ሲያየኝ ጥርሱን ነከሰ። እናኑ አባቷ እግር ሥር ወድቃ ስታለቅስ አያ መልኬ «ተይ አንቺ» ብቻ አሉ፣ ድምፃቸው አይሰማም። ሰው ሁሉ «አይዞዎት፣ እግዜር ይማርዎት» እያለ ከንፈር ይመጥጣል። ከንፈር መምጠጥ! ሰውን በቁሙ የሚቀብር እሱ ነው።

ወደ መሐል ገባሁ። አፌን ከፈትኩት።

«አያ መልኬ!» አልኩ፣ መናኸሪያው እስኪሰማ። «ያንን የተቀደደ ጫማ ለኔ ይተውልኝ እንጂ! ከእንግዲህ ምን ያደርግልዎታል?»

ረዳቱ ገመዱን ይዞ ቀረ። እናኑ «እግዚኦ» ብላ አፏን ያዘች። ጌታሁን አንዴ ተራምዶ ጉሮሮዬን ሊይዝ ሲል አያ መልኬ በእጃቸው ደረቱን ገፉት።

«ተወው» አሉ። «ምን አልክ?»

«ጫማዎን! ሽንፋ ውስጥ ፎካሪ አለ ሲሉኝ ሄጄ አነሳሁ፣ ጭስ ሆነው ወጡ። ጭስ ደግሞ ጫማ አያስፈልገውም!»

ፊታቸው ላይ ደም ሲወጣ አየሁት። በዓይኔ አየሁት! ከአንገታቸው ጀምሮ እንደ ጎርፍ ወጣ። ጋቢያቸውን ወረወሩት። ዱላቸውን ከጌታሁን እጅ ነጠቁ።

«ዘራፍ!

የሽንፋ በረሃ ያበቀለኝ እኔ፣

እግሬን ቢቆርጡብኝ አይቆረጥ ወኔ!»

ዘለሉ። እናንተ ሰዎች፣ ዘለሉ! ያ ያበጠ እግር፣ ያ ቀዳዳ እግር፣ ከጤነኛው እኩል ከመሬት ተነሳ። ክርኔን ከጎኔ ጋር አጣብቄ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! ወዲያ ሲወረወሩ ካሜራውን አብሬያቸው አዞርኩ፣ ቀጭ! ከዚያ ወደኔ መጡ። ዱላው ሲወርድ ታየኝ። ካሜራውን ወደ ሰማይ አንስቼ ትከሻዬን ለዱላው ሰጠሁት። ኧረ ምን ዱላ! ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ትከሻዬ ቀድሞ ይነግረኛል።

ሁለተኛው ሳይወርድ «አያ! ይዩት! ገድለውኝም ቢሆን ይዩት!» ብዬ ጮህኩ። የወደቀውን ጋቢያቸውን አንስቼ እኔም እሳቸውም ላይ ጣልኩት፣ እንደ ድንኳን። ጥላው ውስጥ መስታወቱ በራ።

አየር ላይ ናቸው። ዱላው ቀጥ ብሏል። አፋቸው ተከፍቷል። ጎኑ የተሰነጠቀው ጫማ መሬቱን ለቆ ከራሱ ጥላ በላይ ቆሟል።

ጣታቸውን አምጥተው መስታወቱ ላይ አንዱን እግር ነኩ። ከዚያ ሌላውን።

«ሁለቱም አሉ» አሉ።

«ሁለቱም አሉ፣ አያ።»

ጋቢውን ገለጡት። እናኑን ጠርተው አሳዩዋት። እናኑ አይታ ዞረችና የተመታውን ትከሻዬን ሳመችው። ጌታሁን አይቶ አንገቱን ደፋ፣ ያ የትራክተር አንገት። አያ መልኬ የአውቶብሱ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉና ጎንበስ ብለው ያንን የተሰነጠቀ ጫማ ፈቱ።

«እንካ» አሉኝ። «ጠይቀኸኛል አይደል?»

በባዶ እግራቸው ወጡ። ማንም ሳይደግፋቸው ወጡ!

እንግዲህ እናንተ ሰዎች፣ ያ ቀን እኔ ላይ ምን እንደለወጠ ከጠየቃችሁ ይሄው። ድሮ እጫን ነበር፤ አሁን አያለሁ። ፀሐይ ወዴት ናት፣ ሰውዬው ይሮጣል ወይስ ተቀምጧል፣ እጄ ጸንቷል ወይ። መስታወቱ አማረ ብሎ አይታመንም፣ ጥላ ውስጥ አስገብቶ ነው የሚታየው። ቀልድም ለሳቅ ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። አንዳንዱ «የታመመ ሽማግሌ ሰደበ» እያለ ያማኛል። አዎ ሰደብኩ! እናንተ ከንፈር መጠጣችሁ፣ እኔ ሰደብኩ። በማናችን ነው የዘለሉት?

ፎቶሾፕ የምትሉ ግን ፎቶ ቤቴ ኑ። ጫማው ከፎቶው ሥር ተሰቅሏል። ፎቶው ላይ ያለውን ቅዳድና ጫማው ላይ ያለውን ቅዳድ አስተያዩ። ካላመናችሁ ከድርን ጠይቁ፣ ባጃጅ ተራ ነው። ጌታሁንን ጠይቁ፣ እኔን አይወደኝም፣ አይዋሽልኝም። ያን ማለዳ መናኸሪያ የነበረ ማንንም ጠይቁ። እሱም ካልበቃ ሽንፋ ውረዱና አያ መልኬን ራሳቸውን ጠይቁ። «ፎቶሾፕ ነው» በሏቸው፣ ፊት ለፊት፣ ወንድ ከሆናችሁ። ደማቸው ከፈላ በአንዱም ይዘላሉ። ስትሄዱ ንገሩኝና እኔም ልምጣ፤ ቁልፉ ሯጩ ላይ ነው።